ዝም ያለ ሀብት

ሰው ከሰው ጋር አብሮ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ዕዳና ብድር የሌለበት ዘመን አልነበረም። የሰጠ እንዳይረሳ፣ የተቀበለም እንዳይክድ፣ ሕዝቦች ሁሉ እንደየአገራቸው ጠባይ ልዩ ልዩ የመቊጠሪያ ዘዴ አበጅተዋል። አንዱ በእንጨት ላይ ምልክት ይቀርጻል፤ ሌላው በገመድ ላይ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ ሌላው በመዝገብ ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ ሽማግሌ ጠርቶ በምስክር ፊት ያስረክባል። በዚህ ሁሉ ዘዴ ውስጥ ግን መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ ይገኛል፤ ይኸውም ባለገንዘቡ ለረጅም ጊዜ ዝም ያለ እንደ ሆነ ሀብቱ የማን ይሆናል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ዛሬ እንድናነሣ ያደረገን በቤተ ሰባችን የደረሰ አንድ ነገር ነው፤ ነገሩም የአይሮፕላን ጉዞ ነጥብ ስለሚባለው ሀብትና፣ ባለቤቱ ሳይነካው በመቈየቱ ብቻ እንዴት እንደ ጠፋ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል «አይሮፕላን የሚሳፈረው ስንቱ ነው? የጥቂት መንገደኞች ነገር ለብዙኃኑ ምን ይረባል?» የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። ተቃውሞው አግባብ ያለው ነው። ይሁን እንጂ የነጥቡ ሕግ ከአይሮፕላኑ ወርዶ በየኪሳችን መግባቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በገጠር የሚኖር ገበሬ ከተማ ላለ ልጁ ለመደወል የአንድ ቀን የስልክ ጥቅል ገዝቶ፣ ከደቂቃው ግማሹን ተናግሮ ያደረ እንደ ሆነ፣ የቀረው ግማሽ ከቀኑ ጋር አብሮ ያልፋል። የከፈለው ለደቂቃው ሁሉ ነው፤ ያገኘው ግን የተናገረበትን ብቻ ነው። እንግዲህ ስለ አይሮፕላን ነጥብ የምንናገረው፣ መልኩን እየለወጠ ወደ ብዙ ቤት ለሚገባው ለዚህ ዐይነቱ ውል ምሳሌ እንዲሆነን ነው።

ነጥብ የሚባለው ምን እንደ ሆነ አስቀድመን በአጭሩ እንግለጽ። አንድ መንገደኛ በአየር መንገዱ የደንበኞች መዝገብ ስሙን አስመዝግቦ የተሳፈረ እንደ ሆነ፣ እንደ መንገዱ ርዝመት ወይም እንደ ከፈለው ዋጋ ነጥብ ይቈጠርለታል። ነጥቡ በበቂ መጠን ሲጠራቀም የቲኬቱን ዋጋ በነጥቡ ያወራርዳል፤ በገንዘብ የሚከፍለው ቀረጡንና ልዩ ልዩ ተጨማሪ ክፍያውን ነው። የዘዴው ሥር ከአይሮፕላን ይቀድማል። በአሜሪካ አገር ስፔሪና ሃቺንሰን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተ ሲሆን፣ ነጋዴዎች ለደንበኞቻቸው የሚያድሉትን አረንጓዴ ቴምብር ያቀርብ ነበር፤ ደንበኞቹም ቴምብሩን በደብተር እየለጠፉ ደብተሩ ሲሞላ የቤት ዕቃ ይለውጡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ ይህን የመሰለውን ዘዴ ወደ አየር ጉዞ አምጥቶ በሰፊው ዘረጋው፤ ሌሎችም ተከተሉት። በአገራችንም፣ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በንግሥተ ሳባ ስም «ሼባ ማይልስ» የተባለ መዝገብ አለው። አየር መንገዱ ከታኅሣሥ ወር 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አልያንስ ማኅበር አባል ስለ ሆነ፣ መንገደኛው በሌሎቹ አባል አየር መንገዶች ሲሳፈርም ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ነጥብ ግን እንደ ብርና ወርቅ በሣጥን ተቀምጦ አይቈይም። በብዙዎቹ መዝገቦች ዘንድ የሚሞትበት ሰዓት አስቀድሞ በውል ተጽፎለታል። አንዳንዱ አየር መንገድ ነጥቡ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ ይቈጥርና፣ ባለቤቱ ቢሳፈርም ባይሳፈርም፣ የተወሰነው ጊዜ ሲሞላ ይሰርዘዋል። ሌላው ደግሞ የሚቈጥረው መዝገቡ ለመጨረሻ ጊዜ ከተንቀሳቀሰበት ቀን አንሥቶ ነው። በዚህኛው ሕግ መንገደኛው ጥቂት ነጥብ ቢጨምር ወይም ጥቂት ቢያወጣ ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምርለታል፤ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን የብዙ ዓመት ጥሪቱ በአንድ ሌሊት ባዶ ይሆናል። በቤተ ሰባችን የደረሰው ይህ ሁለተኛው ነው።

የተወለድንባት ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች እንደ መሆንዋ፣ የሚሄደውንና የሚመጣውን መኪና ስታይ ትውላለች። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ያበቅላል። ሕዝቡም አዊኛውንና አማርኛውን እያፈራረቀ ይነጋገራል። ታላቅ ወንድማችን ከዚያ ወጥቶ በ1999 ዓ.ም. ወደ ካናዳ አገር ተሻግሮ በቶሮንቶ ከተማ ይኖራል። ሥራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት ሕሙማንን መጠበቅ ነው። ዘመዶቹን ሊያይ በመጣ ቍጥር የሚሳፈረው፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ የውጭ አገር አየር መንገድ ነበር። የመጨረሻው ጉዞው በ2014 ዓ.ም. የአባታችንን ዐርባ ለማውጣት የመጣበት ነው። በዚያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ 71,000 ነጥብ ተጠራቅሞለት ነበር። ወንድማችን ግን ነጥቡን ለራሱ አላሰበውም። እናታችን ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን በፎቶግራፍ እንጂ በዐይናቸው አይተዋቸው አያውቁም ነበርና፣ «ይህ የእማዬ መንገድ ነው» አለን። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ውስጥ ነጥብ የሚለውን ቃል የሚያነሣ አልነበረም። «የእማዬ መንገድ እንዴት ሆነ?» እያልን እንጠይቀዋለን፤ እርሱም «አለ፤ ተቀምጦአል» ይለናል። እናታችንም ከጎረቤት ጋር ቡና ሲጠጡ፣ ልጃቸው መንገድ እንዳስቀመጠላቸው፣ ሌላው ሰው ስለ ተቀመጠ ጤፍ እንደሚናገር አድርገው ያወሩ ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. በኋላ ወንድማችን አልተሳፈረም። በ2015 ዓ.ም. የእናታችንን ዐይን ሞራ ጋረደውና ባሕር ዳር ሄደው መታከም አስፈለጋቸው፤ ለቲኬት ያሰበውን ገንዘብ ለሕክምናው ላከው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የክልላችን ጸጥታ ታወከ፤ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፣ መንገዱም አስጊ ሆነ፤ ወንድማችን ቢመጣም ከባሕር ዳር ወደ ጥሊሊ መድረሱ የማይታመን ነበር። በ2016 ዓ.ም. የታናሽ እኅታችን የትምህርት ክፍያ ተከተለ። እንዲህ እያለ በየዓመቱ የአንድ ደርሶ መልስ ቲኬት ዋጋ የሚያህል ገንዘብ ወደ ጥሊሊ ይላካል፤ ላኪው ደግሞ በቶሮንቶ የሕሙማኑን አልጋ ሲያነጥፍ ያድራል። በ2017 ዓ.ም. የእናታችን ቪዛ ተገኘ። ወንድማችን ደስ ብሎት መዝገቡን ቢከፍት ያገኘው ቍጥር 0 ነበር።

ለአየር መንገዱ ጻፈ። የመጣለት መልስ ጨዋነት ያለውና አጭር ነበር፤ በውሉ እንደ ተገለጸው በመዝገቡ ላይ 24 ወር ሙሉ እንቅስቃሴ ስላልታየ ነጥቡ ተሰርዞአል፤ ስለ ታማኝነቱም እናመሰግነዋለን የሚል ነው። ወንድማችን ደብዳቤውን በስልክ አነበበልን፤ እኛም «እንቅስቃሴ አልታየም» የሚለውን ቃል ደግሞ እንዲያነብልን ጠየቅነው። በእነዚያ 24 ወራት ውስጥ ወንድማችን የሠራበትን ሌሊት፣ ያነሣውን ሕመምተኛ፣ የላከውን ሐዋላ እናውቃለን። እንዲያውም መዝገቡ እንቅስቃሴ ያጣበት ምክንያት የባለቤቱ እንቅስቃሴ ነበር፤ ለመሳፈሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ለቤተ ሰቡ ስላዋለው አልተሳፈረም። የኩባንያው መዝገብ ግን የሚያየው ወደ ኩባንያው የሚመጣውን ጕዞና ገንዘብ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ የሚደክም ሰው በመዝገቡ ዐይን እንደ ተኛ ይቈጠራል።

ነገሩን ለእናታችን ማስረዳት ለእኛ ወደቀ። እርሳቸው ስለ ውል ብዙ አልጠየቁም። በመጀመሪያ «ልጄ መቼ ተቀምጦ ያውቃል?» አሉ። ቀጥሎም «እሺ፤ ሊወስዱበት ሲሉ ጠርተው አልነገሩትም?» ብለው ጠየቁን። «እማዬ፣ ሲመዘገብ በተቀበለው ውል ላይ ተጽፎአል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ለብቻው የጠራው የለም» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «እንግዲያውስ ጡሩምባ ሳይነፉ ቀበሩት በሉኛ» አሉ።

ይህን ቃል የከተማ አንባቢም ቢሆን በቀላሉ ይረዳዋል። በአገራችን የእድር ሥርዐት ሰው በሞተ ጊዜ ሳይታወጅ አይቀበርም፤ የእድሩ ጠሪ በየመንደሩ ይለፍፋል፤ የራቀውም ዘመድ እስኪደርስ የተቻለው ያህል ይጠበቃል። መጥራቱ ሟቹን አያስነሣም፤ ነገር ግን የሚመለከተው ሁሉ ሳያውቅ ምንም እንደማይፈጸም ያረጋግጣል። እናታችን በአንድ ቃል የነገሩን፣ ሰው የለፋበት ሀብት ከመሰረዙ በፊት ይህን ያህል ክብር ሊያገኝ ይገባዋል የሚለውን ነው።

ጥሊሊ ውስጥ እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በልጅነታችን እንዳየነው በወንፈል ዛሬ የጎረቤታችንን ገብስ ያጨድን እንደ ሆነ፣ ጎረቤታችን በተራው የእኛን ያጭዳል። በመካከሉ ከእኛ ወገን ሰው ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ያልተመለሰችው ቀን ለሚመጣው አዝመራ ትተላለፋለች እንጂ «አልጠየቃችሁንም» ተብላ አትቀርም። እንዲያውም አስታዋሹ ብዙውን ጊዜ ባለዕዳው ነው፤ «የእናንተ ቀን አለችብኝ» ብሎ በራሱ እግር ይመጣል። ብድር በምድር የሚለው አባባል ለክፉም ለደግም የሚነገር ቢሆንም፣ በመልካም ጎኑ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የበለጠውን ምሳሌ ደግሞ ከፈረስ እናገኛለን። የአዊ ሕዝብ ፈረስ ወዳድ መሆኑ የታወቀ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ የሚያስታውሰውም በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ነው። ፈረስ አፍ አውጥቶ ዋጋውን አይጠይቅም፤ አቤቱታም አይጽፍም። ከዐድዋ በኋላ 44 ዓመት አለፈ። ባለውለታው ዝም ቢልም ባለዕዳው ግን ያስታውስ ነበርና ማኅበር አቋቋመለት። የአየር መንገዱ ሕግ 24 ወር ዝም ላለ ሰው የማይሰጠውን ፈረስ በጥሊሊ አገር አግኝቶታል ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ሆኖም የአባቶቻችን ሥርዐት ሁሉ እንከን የሌለው ነበር ማለታችን አይደለም። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባል እንደ ነበር እናውቃለን። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የባህል ጥናት ሊቅ በጎጃም በዳሞት አገር ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ አንድ ሰው ከሩቅ አባት መወለዱን ቈጥሮ የርስት ድርሻ ሊጠይቅ ይችል እንደ ነበር አስረድቶአል። የዚህ ሥርዐት ደግነቱ የሄደ ሰው ሁልጊዜ የሚመለስበት ቦታ ማግኘቱ ነው፤ ክፋቱ ደግሞ ዘመድ ከዘመድ ሲሟገት ዕድሜው ማለቁ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ይህ የርስት ሥርዐት አከተመ። እንግዲህ መብት ለዘለዓለም ሳይነካ ይኑር ብንል፣ ዛሬ የሚያርሰው ሰው በሰላም ሊያርስ አይችልም። ለጥያቄ ሁሉ ማለቂያ ሊኖረው እንደሚገባ እኛም እናምናለን።

ሕግ አዋቂዎች ይህን ማለቂያ ይርጋ ይሉታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 1845 ላይ፣ በሕግ ሌላ ካልተወሰነ በቀር፣ ውል ይፈጸምልኝ የሚል ጥያቄ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንደሚታገድ ይናገራል። ነገር ግን ይኸው ሕግ በቍጥር 1856 ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ቃል አለው፤ ተከራካሪው ወገን ካላነሣው በቀር ዳኛው ከራሱ አንሥቶ ይርጋን ሊጠቅስ አይችልም ይላል። የዚህን ድንጋጌ መንፈስ እኛ እንደምንረዳው፣ ጊዜ ብቻውን ዕዳን አይገድልም። ከባለዕዳው ወገን አንድ ሰው በአደባባይ ቆሞ «አዎን፣ ነበረብኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎአልና አልከፍልም» የሚል ቃል ማውጣት አለበት። ይህን ለማለት የሚያፍር ሰው ስንት ነው! በመዝገብ ውል ላይ ግን የሚናገርም የሚያፍርም ሰው አያስፈልግም። ሰዓቱ ሲሞላ ኮምፒዩተሩ በእኩለ ሌሊት ብቻውን ይሰርዘዋል፤ የኩባንያው ሠራተኞችም ሆኑ ባለነጥቡ በዚያች ሰዓት ተኝተዋል።

እዚህ ላይ ስለ አየር መንገዶቹ የሚነገረውንም ክርክር ማቅረብ ይገባናል። «ነጥብ ስጦታ ነው፤ ስጦታ የሰጠ ሰው ደግሞ የፈለገውን ሕግ ሊያበጅለት ይችላል» ይባላል። ደግሞም መቼ እንደሚጠየቅ የማይታወቅ ዕዳ እየተቈለለ ሲሄድ ድርጅትን ሊያስጨንቅ እንደሚችል አይካድም። ይሁን እንጂ ስጦታ የሚለውን ቃል የሒሳብ ሥርዐቱ ራሱ አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቍጥር 15፣ ነጥብ ከሚያስገኝ ቲኬት ዋጋ አንዱ ክፍል ለነጥቡ የተከፈለ ሆኖ እንዲቈጠርና፣ ነጥቡ ጥቅም ላይ እስኪውል ወይም ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በዕዳ መዝገብ እንዲቀመጥ ያዝዛል። አገራችንም እነዚህን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች በአዋጅ ቍጥር 847/2006 ተቀብላለች። እንግዲህ በመንገደኛው ፊት ስጦታ የሚባለው ነገር በሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ዕዳ ይባላል ማለት ነው። ወንድማችንም ወደ አባታችን ዐርባ ሲመጣ በከፈለው ዋጋ ውስጥ የእናታችንን መንገድ ጭምር በከፊል ከፍሎ ነበር።

ይህ ሀብት ቀላል አለመሆኑ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ታይቶአል። አይሮፕላኖች መሬት ላይ በቆሙበት በ2020 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ ኤርላይንስ የነጥብ መዝገቡን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር አገኘ፤ አሜሪካን ኤርላይንስም በ2021 በዚሁ መንገድ 10 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። በነጥብ መዝገብ መያዣነት ይህን ያህል ብር የሚያበድር ገበያ ካለ፣ ነጥቡ በመንገደኛው እጅ ሳለ ከንቱ ወረቀት ነው ብሎ የሚከራከር አይኖርም።

የተሻለ መንገድ መኖሩንም አንዳንዶች በሥራ አሳይተዋል። ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ዩናይትድም በ2019፣ ነጥብ በጊዜ ብዛት ይሰረዛል የሚለውን ሕግ አንሥተዋል፤ ይህን በማድረጋቸውም መዝገባቸው አልተዘጋም። ወንድማችን በሚኖርበት በኦንታርዮ ክፍለ አገር ደግሞ ነገሩ ወደ ሕግ አውጭዎች ደርሶ ነበር። በካናዳ ኤር ማይልስ የተባለ ታላቅ የነጥብ መዝገብ 5 ዓመት የሞላው ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ እንደሚሰረዝ ባስታወቀ ጊዜ፣ ደንበኞቹ ስላጕረመረሙ መዝገቡ ሐሳቡን ለወጠ፤ የኦንታርዮ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት፣ ነጥብ በጊዜ ማለፍ ብቻ እንዳይሰረዝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሆኖም ሕጉ የሚከላከለው የጊዜን ማለፍ ብቻ ነው፤ እንቅስቃሴ ያጣ መዝገብ ይሰረዛል የሚል ውል ያለ እንደ ሆነ ያን አይከለክልም። ስለዚህ ሕጉ በወንድማችን ደጅ ቆሞ ሳለ ቤቱ ሳይገባ ቀረ።

ከዚህ በመነሣት ለመንገደኞች የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። በነጥብ መዝገብ ስሙን የሚያስመዘግብ ሰው፣ ነጥቡ ስንት እንደ ሆነ ከመጠየቁ በፊት የሚሞትበት ሰዓት ከየት ተነሥቶ እንደሚቈጠር ይጠይቅ። ከተገኘበት ቀን ከሆነ ሳይዘገይ ይጠቀምበት፤ ከመጨረሻው እንቅስቃሴ ከሆነ ግን ጥቂት ነጥብ በማግኘት ወይም በማውጣት ሰዓቱን ማደስ እንደሚችል ይወቅ። ያን ቀን የእቁብ ተራውንና የልጆቹን የትምህርት ክፍያ በሚጽፍበት ደብተር ላይ ይጻፈው፤ ለቤተ ሰቡም ይንገር። በባዕድ አገር የሚደክም ሰው ሁሉን ሊያስታውስ አይችልምና፣ ቤት ያለው ዘመድ በተራው «ሰዓቱ ደርሶአል» ብሎ ቢያስታውሰው ወንፈሉን እንደ መለሰ ይቈጠርለታል።

መዝገብ ለሚያስተዳድሩት ደግሞ የምንለው የእናታችንን ቃል ነው፤ ከመቅበር በፊት ይጠራ። ቲኬት ለመሸጥ በየሳምንቱ የደንበኛውን ስልክ የሚያገኝ ድርጅት፣ ነጥቡ ሊሰረዝ ሦስት ወር ሲቀረው በዚያው ስልክ፣ ደንበኛው በሚያውቀው ቋንቋ፣ አንድ መልእክት መላክ አያቅተውም። ከዚህ በኋላ ዝም ያለ ሰው ዝምታው እንደ መልስ ሊቈጠር ይችል ይሆናል። ሳይጠየቅ ዝም ያለ ሰው ግን ገና ምንም አልመለሰም።

በእኛ ቤት ነገሩ ገና አላለቀም። ወንድማችን የእናታችንን ቲኬት በገንዘብ ለመግዛት እንደ ገና ማጠራቀም ጀምሮአል፤ ለዚህም ሲል ተጨማሪ ሌሊት ወስዶአል። የቪዛው ቀን ግን የራሱ ሰዓት አለው፤ እርሱም ማንንም አይጠብቅም። እናታችን ለልጅ ልጆቻቸው ያዘጋጁትን ሽሮና በርበሬ ወደ ቶሮንቶ ለሚሄድ ሰው በአደራ ልከውታል። «ከእኔ በፊት ይድረስ» ብለው ነው የላኩት።

ይህ ጽሑፍ በሚነበብባቸው መሥሪያ ቤቶች ውስጥም ዝም ያለ ሀብት ሳይኖር አይቀርም። «ባለጉዳዩ ስላልቀረበ ተዘግቶአል» የሚል ቃል የተጻፈበትን ፋይል ያላየ ሹም ወይም ጸሐፊ ጥቂት ነው። ከእነዚያ ፋይሎች አንዳንዶቹ በእውነት የተተዉ ናቸው። የሌሎቹ ባለቤቶች ግን የመኪና ዋጋ አጥተው፣ አልጋ ላይ ወድቀው፣ መንገድ ተዘግቶባቸው ወይም ሌላ ሰው ሲያስታምሙ የቀሩ ይሆናሉ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እያልን ላደግን ሰዎች ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ በዛሬው የመዝገብ ዘመን ግን ዝም ያለ ሰው መብቱን እንደ ተወ ይገመታል። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ሣጥን ከመመለሳችን በፊት ስልኩን አንሥተን፣ ወይም ወደዚያው አገር የሚሄድ ሰው ፈልገን፣ ባለቤቱን አንድ ጊዜ እንጥራው።